ጨው ባለበት ውሃ ፍራፍሬ ማልማት፦ ውሃውንና ማዳበሪያውን አንድ ላይ መቁጠር

ከአቃቂ ተነስቶ በገላን በኩል ወደ ዱከም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ግቢው ትንሽ ሰፋ ያለ ሰው ሁሉ አቮካዶ ወይም ኮክ ተክሏል። ክረምቱን ዛፉ ሁሉ ለምለም ነው። ችግሩ የሚመጣው ዝናቡ አቁሞ ከጉድጓድ ማጠጣት ሲጀመር ነው። የእኔ አቮካዶዎች በሁለተኛው በጋቸው የቅጠላቸው ጫፍ ቡናማ እየሆነ ይደርቅ ጀመር። ችግኙን የሸጠልኝ ሰው መጥቶ አየና «ምግብ አንሶታል፤ ማዳበሪያ ጨምርበት» አለኝ። ዩሪያ ጨመርኩ። መድረቁ ሲብስ ፖታሽ ጨመርኩ። ወር ሳይሞላ ከአሥራ ሁለቱ ዛፎች አምስቱ ቅጠላቸውን አራገፉ፤ ሦስቱ እስከ ዛሬ አላገገሙም።

ዛፎቹ ምግብ አልጎደላቸውም፤ ጨው በዝቶባቸው ነበር። ማዳበሪያ ደግሞ ራሱ ጨው ነው። ሥሩ ከጉድጓድ የመጣውን ጨውና ከከረጢት የመጣውን ጨው ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱም በአንድ ሒሳብ ይደመሩበታል። አፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ ጨው ሲበዛበት ሥሩ እርጥበት እያለ መጠጣት ያቅተዋል፤ የጨው ክፍሎች የሆኑት ክሎራይድና ሶዲየምም በቅጠሉ ጫፍ እየተጠራቀሙ ያቃጥሉታል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚነሳ ነው።

መጀመሪያ ውሃውን ይወቁ

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለ ውሃ ሁሉ ጨዋማ ነው ማለቴ አይደለም። አብዛኛው የጉድጓድ ውሃ ለፍራፍሬ ምንም አይልም፤ እንደ አሚባራና እንደ መተሐራ አካባቢ በጨው የተቸገረ መሬትም አይደለም ያለን። ሊጠረጠሩ የሚገባቸው ሦስት ዓይነት ውሃዎች ናቸው። አንደኛው ከጥልቅ ጉድጓድ ሞቅ ብሎ የሚወጣው ነው፤ የፍልውሃ ዘመድ የሆነው ይህ ውሃ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል። ሁለተኛው በመጸዳጃ ጉድጓዶች መካከል የተቆፈረ ጥልቀት የሌለው የእጅ ጉድጓድ ነው፤ ክሎራይድና ናይትሬት ይሰርግበታል። ሦስተኛው ከትልቁና ከትንሹ አቃቂ የሚሳበው ነው። እነዚህ ወንዞች የከተማውንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል ስለሚወርዱ፣ የእነርሱ ጣጣ ከጨውም ያለፈ ነው። የወንዙን ውሃ ከመሳብዎ በፊት ስለ ከባድ ብረታ ብረትም ያስመርምሩ፤ ፍሬው ላይና ቅጠሉ ላይም ፈጽሞ አይርጩት።

የአቮካዶ ጉዳይ ሲነሳ አንዲት ጎረቤቴ እማማ «ልጄ፣ ይህ ውሃ እኮ መልካም ነው፤ ሳሙና ያረፋል፣ ባቄላውንም ቶሎ ያበስላል» ብለውኝ ነበር። ለቤት ሥራ እውነታቸውን ነው። ለአፈር ግን ምልክቱ የተገላቢጦሽ ነው። ሳሙና የማያረፋና ማፍያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውሃ ካልሲየም ያለበት ነው፤ ካልሲየም አፈር አይጎዳም። ሳሙና ወዲያው የሚያረፋና እጅ ላይ የሚያሟልጭ የጉድጓድ ውሃ ግን ሶዲየም ሊሆን ይችላል፤ ሶዲየም ደግሞ የአፈርን መተንፈሻ ይደፍናል። በምላስ መቅመስም አይበቃም። አቮካዶን የሚጎዳ የጨው መጠን ለሰው ምላስ ላይታወቅ ይችላል።

ስለዚህ መለካት ግድ ነው። የኤሌክትሪክ አስተላላፊነትን የሚለካ፣ እስክሪብቶ የሚያህል መሣሪያ አለ፤ ኢሲ ሜትር ይሉታል። ንባቡን በማይክሮሲመንስ ያንብቡ። በፒፒኤም የሚያሳየውን ቁጥር አይመኑ፤ እያንዳንዱ አምራች የሚያባዛበት ቁጥር ስለሚለያይ ሁለት መሣሪያ ለአንድ ውሃ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጣል። ከ700 ማይክሮሲመንስ በታች ከሆነ ውሃው ችግር የለበትም። ከ700 እስከ 3,000 ያለው እንደ ዛፉና እንደ አያያዙ ነው። ከ3,000 በላይ ከሆነ ለአብዛኛው ፍራፍሬ አይሆንም።

ንባቡ ከ700 ካለፈ አንድ ጊዜ ላቦራቶሪ ይሂዱ። ሞተሩን 20 ደቂቃ ያህል አስነስተው ያስፈስሱ፤ ንጹሕ የውሃ ጠርሙስ በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀው እስከ አፉ ይሙሉና በዚያው ቀን ያድርሱት። የሚጠይቁት ክሎራይድ፣ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ባይካርቦኔት፣ ናይትሬት፣ ቦሮንና ፒኤች ነው። አቮካዶ ላለው ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ክሎራይዱ ነው፤ በሊትር ከ100 ሚሊ ግራም በላይ ከሆነ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በእጅ መሣሪያው ግን በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ በግንቦት መጨረሻና በመስከረም፣ ይለኩ። የጥልቅ ያልሆነ ጉድጓድ ንባብ በሁለቱ ወራት መካከል በጣም ሊራራቅ ይችላል።

አፈሩን ሁለት ጥያቄ ይጠይቁት

ውሃ ይሰርግበታል ወይ? 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው በውሃ ይሙሉት፤ ሲመጠጥ ማታ ላይ እንደገና ይሙሉት። በማግስቱ ጠዋት ውሃው እንዳለ ካገኙት አፈሩ አያጠነፍፍም። በእንጦጦ ግርጌና በሆለታ በኩል ያለው ቀይ አፈር ብዙ ጊዜ ይህን ፈተና ያልፋል። የአቃቂና የዱከም ጥቁር መረሬ አያልፍም።

ሶዲየም ይዞታል ወይ? ደረቅ የአፈር ጓል አምጥተው የዝናብ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ በቀስታ ያስቀምጡ፤ አያማስሉት። ከሰዓታት በኋላ ጓሉ ቢፈርስም ውሃው ጥርት ብሎ ከቆየ ደህና ነው። ጓሉን የከበበ እንደ ወተት የደፈረሰ ጭጋግ ካዩ ግን ሶዲየም አፈሩን መበተን ጀምሯል። ይህን ለማስተካከል የሚጨመረው ጂፕሰም ነው፤ ለግድግዳ የሚለሰነው የተቃጠለ ጄሶ ሳይሆን ሳይቃጠል የተፈጨው ድንጋይ። ምን ያህል እንደሚጨመር የአፈር ምርመራው ይወስናል። ጂፕሰም የሚሠራው ሶዲየሙን አስለቅቆ ከውሃ ጋር ወደ ታች ሲያወርደው ስለሆነ ማጠንፈፊያ በሌለበት መሬት ላይ ገንዘብ ማባከን ነው።

ዛፉንና አተካከሉን ከውሃው ጋር ያስማሙ

አቮካዶ ጨው የሚችል ዛፍ አይደለም። ኮክ፣ ፕሪም፣ ፖም፣ ብርቱካንና ሎሚም ከስሱዎቹ ወገን ናቸው። ወይንና ዘይቱና ትንሽ ይሻላሉ። ሮማንና በለስ ግን ጥሩ ይችላሉ። የውሃዎ ንባብ 2,000 ከሆነ በግቢዎ ውስጥ ሮማንና በለስ መትከል ሽንፈት አይደለም፤ ሁለቱም ጥሩ ፍሬ ናቸው።

አቮካዶ ካልተከልኩ የሚል ሰው የተከተበ፣ ማለትም በሌላ አቮካዶ ሥር ላይ የተጣበቀ ችግኝ ሲገዛ ዓይነቱ ሐስ ነው ወይስ ፉዌርቴ ብሎ ብቻ አይጠይቅ፤ ከታች ያለው የሥር ክፍል ከምን ዘር እንደበቀለ ይጠይቅ። ጨውን የሚቀበለውም የሚከለክለውም ሥሩ ነው። የምዕራብ ህንድ ዝርያ የሚባለው ሥር ክሎራይድን ከሌሎቹ ይልቅ ይቋቋማል፤ የሜክሲኮው ዝርያ ከሁሉም ደካማው ነው።

በመረሬ ላይ የሚተክሉ ከሆነ ጉድጓድ ቆፍረው አይትከሉ። ጉድጓዱ ሳህን ይሆንና ጨውንም ውሃንም ያቁራል። አፈሩን ከኮምፖስት ጋር ቀላቅለው ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 2 ሜትር የሆነ ጉብታ ይሥሩና በአናቱ ላይ ይትከሉ፤ በጉብታዎቹ መካከል ተዳፋቱን ተከትሎ የሚወርድ ማጠንፈፊያ ቦይ ይቅደዱ። ይህ ሥራ አድካሚ ነው፤ ነገር ግን ጨውን በኋላ ማጠብ የሚቻለው ይህ ከተሠራ ብቻ ነው።

ስንት ጀሪካን?

ጨው ባለበት ውሃ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ከሁሉ የከፋው አሠራር ነው። ዛፉ ንጹሑን ውሃ ይጠጣል፣ ጨው ይቀራል፤ በሚቀጥለው ቀን ሌላ ጨው ይደርስበታል። ስለዚህ በየጊዜው ዛፉ ከሚጠጣው በላይ ትንሽ ትርፍ መስጠት አለብን። ትርፉ ጨውን ይዞ ከሥሩ በታች ይወርዳል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የቅርንጫፎቹ ጥላ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 2 ሜትር የሆነ ወጣት አቮካዶ እንውሰድ። የጥላው ስፋት 3 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በእኛ በጋ ፀሐይና ነፋስ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ያተናል፤ የዛፉን ድርሻ ከዚያ 80 በመቶ ብንይዝ በቀን ወደ 10 ሊትር፣ በሳምንት 70 ሊትር ይሆናል። ትርፉን ለማግኘት ዛፉ የሚችለውን የአፈር ጨውነት በ5 አባዝተው የውሃውን ንባብ ይቀንሱ፤ ከዚያ የውሃውን ንባብ ለዚህ ያካፍሉ። ለአቮካዶ የአፈሩ ገደብ 1,300 ገደማ ነው። ውሃችን 900 ከሆነ፣ 1,300 በ5 ሲባዛ 6,500፣ ከዚያ 900 ሲቀነስ 5,600 ይሆናል። 900 ለ5,600 ሲካፈል 0.16፤ ማለትም ከምንሰጠው ውሃ 16 በመቶው ለማጠቢያ መሆን አለበት። 70 ሊትሩን ለ0.84 ስናካፍል 83 ሊትር፤ በሳምንት አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ትንሽ ጭማሪ።

ይህን በቀይ አፈር ላይ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከፍለው ይስጡ። በመረሬ ላይ አንድ ጊዜ ሰጥተው ላይኛው አንድ ስንዝር አፈር እስኪጠነፍፍ ይጠብቁ፤ ሁልጊዜ የሚረጥብ አፈር የአቮካዶን ሥር ያበሰብሳል። ከሥሩ መበስበስ ይልቅ ጨው ይሻላል እስከማለት እደርሳለሁ፤ ጨው ይታጠባል፣ የበሰበሰ ሥር አይመለስም።

ውሃውን ግንዱ ሥር አያፍስሱ፣ ቅጠል ላይም አይርጩ። ዙሪያውን እስከ ጥላው ጠርዝ ያዳርሱ። ከላይ የጤፍ ጭድ አንድ ስንዝር ያህል ጎዝጉዘው ከግንዱ ትንሽ ያርቁት። ፀሐይ ከአፈሩ ላይ በቀጥታ ባተነች ቁጥር ጨውን ወደ ላይ ትስበዋለች፤ ጉዝጓዙ ይህን ይገታል። የጠብታ መስኖ ያላቸው ሰዎች በየሁለት ሳምንቱ የቧንቧውን ጫፍ ከፍተው ያጥቡት፤ ባይካርቦኔት ቀዳዳውን ይደፍናል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ውሃውን ማቅጠን ነው። 50 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ 800 ሚሊ ሜትር የክረምት ዝናብ ሲወርድበት፣ አንድ አምስተኛው ባክኖ እንኳ 32,000 ሊትር ይሰጣል። ያን ሁሉ ማጠራቀሚያ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም አንድ 5,000 ሊትር ሮቶ ብቻ ያለው ሰው በአበባ ወቅትና ለአዲስ ችግኝ ቢያውለው ዋጋው ከፍ ያለ ነው። 1,600 የሚያነብ የጉድጓድ ውሃ ከእኩል የዝናብ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ወደ 800 ይወርዳል።

የበልግ ካፊያ ሲመጣ ውሃ አያቋርጡ

ይህን የሚያምነኝ ሰው ጥቂት ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ስናጠጣ ጨው በረጠበው ክብ ጠርዝና በአፈሩ ፊት ላይ ይከማቻል፤ ነጭ ብናኝ ሆኖ በዓይን ይታያል። በየካቲት ወይም በመጋቢት ካፊያ ሲወርድ ሁላችንም ደስ ብሎን ውሃውን እንዘጋለን። ያ ቀላል ዝናብ ግን ጨውን ከሥሩ በታች ለማውረድ አቅም የለውም፤ ከጠርዙና ከፊቱ አሟሙቶ ቀጥታ ወደ ሥሩ ያስገባዋል። ዛፉ ዝናብ ዘንቦለት በሳምንቱ የሚቃጠለው ለዚህ ነው። በመጀመሪያዎቹ የበልግ ካፊያዎች ቀን፣ ዝናቡ እየወረደ እያለ፣ የተለመደውን ውሃ ይስጡ። ዝናቡና መስኖው ተጋግዘው ጨውን ወደ ታች ይገፉታል።

ክረምቱ ግን ሌላ ነው። በደህና በሚያጠነፍፍ አፈር ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ ሰርጎ ካለፈ ከላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ካለው ጨው 80 በመቶ ገደማውን ያጥባል። የእኛ ክረምት ከዚህ በላይ ያዘንባል። ስለዚህ በቀይ አፈር ላይ ሰኔ ሲገባ የዛፉን ዙሪያ ክብ እርከን ሠርተው ዝናቡ እንዲሰርግ ያድርጉ። በመረሬ ላይ ደግሞ ክቡን አፍርሰው ቦዮቹን ይጥረጉ።

ማዳበሪያው

ማዳበሪያዎቹን በጨውነት መጠናቸው እናወዳድራቸው። ሶዲየም ናይትሬት የሚባለው ማዳበሪያ 100 ተብሎ ሲለካ፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 116፣ ዩሪያ 75፣ ፖታሲየም ሰልፌት 46፣ ዳፕ 30 ገደማ፣ ጂፕሰም 8 ነው። ከነዚህ ውስጥ ያለ ማመንታት ከግቢዬ ያወጣሁት ፖታሲየም ክሎራይዱን ነው። ፖታሽ ተብሎ የሚሸጠው ቀይ ወይም ነጭ ቅንጣት ብዙ ጊዜ ክሎራይድ ነው። ክሎራይድ ያለበት ውሃ ለሚያጠጣ ሰው ይህን መጨመር በሽታውን በከረጢት ገዝቶ ማምጣት ነው። ፖታሲየም ካስፈለገ ሰልፌቱን ይፈልጉ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ የሚሸጠውም በጥቂት ቦታ ነው። በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ አይግዙ።

ዩሪያን በጠላትነት አላየውም። 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ ለሚሰጠው ምግብ የሚያስከትለው ጨው መጠነኛ ነው። የሚገድለው በአንድ ጊዜ በእፍኝ ሲፈስ ነው። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ዩሪያ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ሳለ ኢሲ ሜትሩ አያየውም። አፈር ውስጥ ወደ አሞኒየምና ናይትሬት ሲቀየር ነው ጨው የሚሆነው። «ለክቼ ነበር፣ ምንም አላሳየም» ያለኝ ሰው በዚህ ነው የተታለለው።

አሰጣጤ እንዲህ ነው። ለአንደኛ ዓመት ችግኝ በዓመት 100 ግራም ዩሪያ በስድስት ጊዜ ከፍዬ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሞላ አድርጌ እሰጣለሁ። በሁለተኛው ዓመት እጥፍ። ቀኑ ከማጠቢያው ውሃ ጋር ይያያዛል፦ መጀመሪያ አፈሩን በደንብ አጥባለሁ፤ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቼ እርጥብ አፈር ላይ፣ ከግንዱ አንድ ክንድ አርቄ እስከ ጥላው ጠርዝ እበትናለሁ፤ በአፈር ሸፍኜ ቀለል ያለ ውሃ እሰጣለሁ። በደረቅ አፈር ላይ ፈጽሞ አይበትኑ። ከማጠቢያው በፊትም አይስጡ፤ ናይትሬቱ ከጨው ጋር ተጠራርጎ ይሄዳል። በሐምሌና በነሐሴም ያው ነው። ሳይሸፈን የቀረ ዩሪያ ደግሞ በተለይ ባይካርቦኔት በበዛበት አፈር ላይ አሞኒያ ሆኖ ይተናል።

ካልሲየም ናይትሬት ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው። ካልሲየሙ ሶዲየምን ይገዳደራል፤ ናይትሬቱም በሥሩ በር ላይ ከክሎራይድ ጋር ስለሚሻማ ዛፉ የሚወስደው ክሎራይድ ይቀንሳል። በአንድ ሊትር ውሃ 1 ግራም ሲሟሟ ንባቡን ከ1,000 በላይ ከፍ ስለሚያደርገው ግን፣ ከጉድጓዱ ጨው ጋር ደምረው ያስቡት። ከዳፕም ሆነ ከማናቸውም ሰልፌት ጋር በአንድ በርሜል አይቀላቅሉት፤ ወዲያው ይረጋል።

ውሃው ራሱ ምግብ ሊይዝ እንደሚችልም አይርሱ። የላቦራቶሪው ወረቀት በሊትር 10 ሚሊ ግራም የናይትሬት ናይትሮጅን ካለ፣ 1,000 ሊትር ውሃ 10 ግራም ናይትሮጅን ያመጣል። በሳምንት 83 ሊትር ለ30 ሳምንት ያጠጣ ሰው 25 ግራም ሰጥቷል፤ ይህ ከ50 ግራም በላይ ዩሪያ ነው። ያንን ከዓመቱ ድርሻ ይቀንሱ።

ፍግን በተመለከተ ሰው ሁሉ የተፈጥሮ ነውና አይጎዳም ይላል። የቢሾፍቱ ዶሮ እርባታዎች የሚያወጡት ኩስ ትኩሱን ከሆነ እንደ ማዳበሪያ ያቃጥላል። ተብላልቶ አንድ ክረምት ዝናብ ከወረደበት በኋላ ግን ወርቅ ነው። የከብት ፍግና ኮምፖስት ይበልጥ የዋሆች ናቸው፤ አፈሩን ስለሚያላሉም ጨው ማጠቡን ይረዳሉ። ለወጣት ዛፍ በሰኔ የአንድ ጆንያ ግማሽ በቂ ነው።

አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ የቅጠሉ ጅማቶች አረንጓዴ ከሆኑ ይህ የናይትሮጅን እጥረት አይደለም። ባይካርቦኔቱ ብረትን አስሮት ነው። ዩሪያ አይጨምሩ፤ ኢዲዲኤችኤ የተባለውን የብረት ኬሌት፣ ማለትም ባይካርቦኔት እንዳያስረው ሆኖ የተዘጋጀውን ብረት፣ ይጠይቁ።

ለተቃጠለ ዛፍ

ማዳበሪያውን ሙሉ በሙሉ ያቁሙ። አፈሩ የሚያጠነፍፍ ከሆነ የተለመደውን ውሃ እጥፍ፣ በአሥር ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ ይስጡ፤ የዝናብ ውሃ ካለ እርሱን። የተቃጠለውን ቅጠል አይቁረጡ፤ ከግማሹ በላይ አረንጓዴ የሆነ ቅጠል አሁንም ዛፉን ይመግባል፣ ቅርንጫፉንም ከፀሐይ ይጋርዳል። ቅጠሉ የረገፈበትን ግንድ በውሃ በቀጠነ ነጭ የውሃ ቀለም ወይም በኖራ ይቀቡት፤ የተጋለጠ ልጥ በበጋ ፀሐይ ይሰነጠቃል።

የተቃጠለ ጫፍ ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም፤ ስለዚህ በአሮጌው ቅጠል አይፍረዱ። አዲስ ቀንበጥ ሲወጣ ከበታቹ ቀይ ክር ይሰሩበትና ቀኑን በደብተር ይጻፉ። ከክሩ በላይ ያሉት ቅጠሎች ለሁለት ወር ጫፋቸው ንጹሕ ሆኖ ከቆየ፣ ከድሮው መጠን ግማሹን ማዳበሪያ መስጠት ይጀምሩ።